ያውቁ ኖሯል? ታጁራ፣ የአንኮበር ነጋዴ የባሕር በር

የጅቡቲ ወደብ ሳይቆረቆር፣ ባቡርም ገና ሳይታሰብ፣ ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ምርጫው ሁለት ብቻ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ወይ ዘይላ፣ ወይ ታጁራ። ዘይላን ብዙ ሰው ከአዳልና ከግራኝ አሕመድ ታሪክ ጋር ያውቃታል። ታጁራን ግን አብዛኛው አንባቢ የሰማት በቅርቡ፣ የወደብ ወሬ ሲነሳ ነው። ታሪኳ ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ ግማሹም የእኛው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታጁራና ጅቡቲ ከተማ በአንድ ባሕረ ሰላጤ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተቀመጡ ናቸው። በመርከብ የሚሻገር ሰው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበቃዋል። በመኪና የሚሄድ ግን ባሕረ ሰላጤውን በምዕራብ በኩል ዞሮ፣ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል መጥቶ ነው የሚደርስባት። ጊዜ ካለዎት መኪናውን ይምረጡ።

ከጅቡቲ ከተሞች ሁሉ አንጋፋዋ እርሷ እንደሆነች ይነገራል። የባለ 7 መስጊዷ ከተማ ይሏታል። ቤቶቿ በኖራ ስለሚለቀለቁም «ነጯ ከተማ» የሚል ቅጽል አላት። ከጀርባዋ የጎዳ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕሩ፣ በመካከሉ ጠባብ የባሕር ዳር መሬት፤ ከተማዋ ይችው ናት። ጅቡቲ ሪፐብሊክ ካሏት 5 ክልሎች ውስጥ በስፋት ከትልልቆቹ አንዱ የሚተዳደረው ግን ከዚህች ትንሽ ከተማ ነው።

ታጁራ ሱልጣን ያላት ከተማ መሆኗንስ? ሱልጣኑ «ዳርዳር» ይባላል፤ ምክትሉ ደግሞ «ቡኖይታ»። የሥልጣን አወራረሱ ብዙ ነገሥታትን ሊያስቀና የሚችል ነው። ዳርዳሩ ሲሞት ልጁ አይነግሥም፤ የሚነግሠው ቡኖይታው ነው። አዲሱ ቡኖይታ ደግሞ ከሟቹ ዳርዳር ቤተሰብ ይመረጣል። በዚህ ዓይነት ሁለት ቤተሰቦች ሥልጣኑን እየተፈራረቁ ይዘውታል። ዛሬ የያዘው ወገን ነገ ለሌላው እንደሚለቅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ወንድም ወንድሙን አስሮ በአምባ ላይ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረም። እኛ ግሸን ላይ ያደረግነውን እያሰቡ ያንብቡት። ሱልጣኔቱ ዛሬ የመንግሥት ሥልጣን የለውም፤ በሽምግልናና በባህል ግን ቦታው የከበረ ነው።

የከተማዋ ነባር ሕዝብ አፋር ነው። አዋሽ ወንዝን ተከትለው ከሚኖሩት አፋሮች ጋር ቋንቋው አንድ፣ ጎሣው የተዛመደ፣ ወሬ መለዋወጫው ዳጉም አንድ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው የሰሙትንና ያዩትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። አዋሽ ዳር የሆነው ነገር ታጁራ የሚደርስበት ፍጥነት ስልክ ከመምጣቱ በፊትም የሚናቅ አልነበረም። የመንግሥቱ የሥራ ቋንቋዎች ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ገበያው ግን በአፋርኛ ነው። ከባሕሩ ማዶ የመጡ የመናውያንም ለዘመናት ተጋብተውና ተዋልደው ኖረዋል። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ጠብሰው ከትልቅ ቂጣ ጋር የሚያቀርቡበት አሠራር ከእነርሱ የመጣ ነው።

በ1840 የታጁራ ሱልጣን በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያሉትን የሙሻ ደሴቶች ለእንግሊዞች የሸጡት በ10 ጆንያ ሩዝ ነበር። እንግሊዞች ብዙም አልተጠቀሙባቸውም፤ በ1887 ለፈረንሳይ ለቀቁላት። ዛሬ የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ቅዳሜና እሑድ ለዋና የሚሄድባቸው ደሴቶች ናቸው።

ኦቦክ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ዋጋ አወጣች። ከታጁራ በስተምሥራቅ ያለችውን ይህችን መልሕቅ መጣያ ፈረንሳይ በ1862 ከአፋር ባላባቶች የገዛችው በ10,000 ማርያ ትሬዛ ብር ነው። ያ የእኛ ገበያም ለብዙ ዘመን የተገበያየበት ጠገራ ብር ነው። ፈረንሳይ ገንዘቡን ከፍላ ወደ 20 ዓመት ያህል ቦታውን ዞር ብላም አላየችውም።

በ1839 ሁለት የጀርመን ተወላጅ ሚሲዮናውያን፣ ኢዘንበርግና ክራፍ፣ ታጁራ ላይ ወርደው በግመል ወደ ሸዋ ወጡ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ተቀበሏቸው። ኢዘንበርግ ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያው በ1839 ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በዚሁ መንገድ አንኮበር ገባ። ታጁራ በአንድ ዓመት ውስጥ እንግሊዝ የላከቻቸውንም ፈረንሳዊውንም አሳልፋለች ማለት ነው።

በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጉዞ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሃሪስ ለሣህለ ሥላሴ የሚሰጥ መድፍና ጠመንጃ ጭኖ ከሕንድ መጣ። ታጁራ ሲደርስ መጀመሪያ የገጠመው ጦርነት ሳይሆን የግመል ዋጋ ክርክር ነበር። የታጁራ ሰዎች ግመል የሚያከራዩት፣ መንገድ የሚመሩትና የሚያስጠብቁት እነርሱ ብቻ እንደሆኑ ያውቃሉ። ስለዚህ አልቸኮሉም። የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ በጠራራ ፀሐይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ግመል ሲጠብቅ ቀናት ነጎዱ። በመጨረሻ ሲነሡ የአሳልን ቆላ በውኃ ጥም ተሻገሩት። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ከቡድኑ ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ቤት በተኙበት ተገደሉ። አንኮበር ደርሰው በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ሃሪስ በመጽሐፉ ስለ ታጁራ ሰዎች በብዙ ምሬት ጽፏል። እኔ ግን ነገሩን በግመል አከራዮቹ በኩል ሳየው የማያውቁት የታጠቀ እንግዳ በአገራቸው ሲያልፍ ዋጋ መጠየቃቸው አይገርመኝም።

የግመሉ መንገድ በሸዋ በኩል የሚያልቀው ከአንኮበር ግርጌ፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ነበር። ደጋው የአማራ፣ ቆላው የአፋር፤ አልዩ አምባ በመካከል ሁለቱን የምታገናኝ የእስላም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው እዚያ ይገናኛል። ከታጁራ በኩል የአሳል ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብ፣ በኋላም ጠመንጃ ይወጣል። ከደጋው እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይወርዳል።

ሰውም ይወርድ ነበር። ይህን ሳይነግሩ የታጁራን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ከኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ በጦርነትና በዘረፋ የተያዙ ወጣቶችና ሕፃናት፣ አብዛኞቹ ከኦሮሞና ከጉራጌ ምድር፣ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል አልፈው፣ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው፣ ከታጁራ ዳርቻ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ተሸጠዋል። የደጋው ሻጭ፣ የቆላው አሻጋሪ፣ የባሕሩ ነጋዴ ሁሉም እጃቸው አለበት። ፈረንሳይ ቦታውን ከያዘች በኋላም ንግዱ ወዲያው አልቆመም፤ ወደ ሌሊትና ወደ ሥውር የባሕር ዳርቻዎች ዞረ እንጂ። ታጁራ ላይ ወርደው ስለ ሸዋ ነገሥታት የጻፉ ብዙ የውጭ መንገደኞች በመንገዳቸው እነዚህን ቅፍለቶች አይተዋል።

ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር፣ በግብፅ ኬዲቭ አገልግሎት ፓሻ ሆኖ፣ በ1875 ታጁራ ላይ ወታደሮቹን አራግፎ ወደ አውሳ ገሰገሰ። ሐሳቡ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር መገናኘት ነበር፤ የምኒልክ መልእክተኛም አብሮት ነበር። አልደረሰም። ኖቬምበር ላይ አውሳ ውስጥ አፋሮች በሌሊት አደጋ ጥለው እርሱንም አብዛኛውን ጭፍራውንም ፈጁ። በዚያው ሰሞን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሌላውን የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ደመሰሱት። የጉንደትን ድል እናከብራለን፤ ከአውሳ በኩል የመጣውን ማን እንዳስቆመው ግን ትምህርት ቤት አልነገሩንም።

ፈረንሳይ የታጁራን ሱልጣን የጥበቃ ውል ያስፈረመችው በሴፕቴምበር 1884 ነው። ያስፈረሙት የኦቦክ ሹም ሊዮንስ ላጋርድ ናቸው። እኚሁ ሰው በኋላ የፈረንሳይ ሚኒስትር ሆነው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ተቀመጡ፤ ምኒልክም የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕረግ ሰጧቸው።

አሁን ወደ ታዋቂው እንግዳ እንምጣ። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ሲወርድ ግጥም መጻፍ ካቆመ 10 ዓመት ያህል ሆኖታል። የመጣው ጠመንጃ ሊሸጥ ነው። ሸሪኩ ፒየር ላባቱ ከምኒልክ ጋር ተዋውሏል፤ ጭነቱም ወደ 2,000 የሚጠጋ በአውሮፓ ያረጀ ጠመንጃ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መከራ ነው። በመጀመሪያ የጦር መሣሪያ ማስገባት ተከለከለ፤ ፈቃድ ጥበቃ ወራት ፈጀ። ከዚያ ላባቱ ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና ሞተ። ራምቦ አብሮት ለመጓዝ ያሰበው ሌላው ነጋዴ ፖል ሶሌዬ ደግሞ በሴፕቴምበር 1886 ዓደን ላይ በድንገት ሞተ። ራምቦ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በኦክቶበር 1886፣ ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ ተነሣ።

አንኮበር የገባው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። ምኒልክ አልነበሩም። ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን የያዙት በዚያው ሰሞን ነበርና ራምቦ እንጦጦ ሄዶ ጠበቃቸው። ንጉሡ ሲመጡ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ የሟቹንም የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ። በየደጁ የላባቱ አበዳሪ ነኝ የሚል ሰው ተነሣ። የቀረውን ገንዘብ ደግሞ ሐረር ሄደህ ከአገረ ገዥው ከመኮንን ተቀበል ተባለ። በአውሮፓ ቅኔን የገለበጠው ሰው በእንጦጦ ገበያ እንዲህ ተረታ። ንግድ በሚያውቁት ንጉሥ ፊት ባለቅኔ መሆን ብዙም አይጠቅምም።

የታጁራን ሰፈር ሩሲያ ልታደርገው የሞከረ ሰውም ነበር። ኒኮላይ አሺኖቭ የሚባል ጀብደኛ በጃንዋሪ 1889 ከ150 በላይ ሩሲያውያን፣ ኮሳኮች፣ መነኮሳት፣ ሴቶችና ሕፃናት አስከትሎ ታጁራ ወረደ። ዓላማዬ ወደ ኦርቶዶክሷ ሐበሻ መሻገር ነው ይል ነበር። በታጁራ አጠገብ ሳጋሎ ላይ ግብፆች ጥለውት የሄዱት ፍርስራሽ ምሽግ ነበር፤ ገብተው ባንዲራቸውን ሰቀሉ፣ ስሙንም «አዲሲቱ ሞስኮ» አሉት። አትክልት ሳይቀር መትከል ጀመሩ። ፈረንሳይ ልቀቁ አለች፤ አሺኖቭ ቦታውን ሱልጣኑ ፈቅደውልኛል ብሎ እምቢ አለ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ምሽጉን በመድፍ ደበደቡት፤ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ሞቱ። የሩሲያ መንግሥት ሰውዬውን አላውቀውም አለ፤ የተረፉትም ተይዘው ወደ አገራቸው ተላኩ። አዲሲቱ ሞስኮ ዕድሜዋ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

ታጁራን ያደኸያት ጦርነት አልነበረም፤ ባቡር ነው። ፈረንሳይ ዋና ከተማዋን በ1890ዎቹ ከኦቦክ ወደ ደቡቡ ዳርቻ፣ ወደ ጅቡቲ፣ አዛወረች። የባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጨውና ቡና በግመል በአፋር በረሃ የሚመላለስበት ምክንያት አልነበረም። ድሬዳዋ ያገኘችውን አልዩ አምባ አጣችው፤ ጅቡቲ ያገኘችውን ታጁራ አጣችው። አልዩ አምባን ዛሬ የሚያያት መንገደኛ የሸዋ ትልቅ የውጭ ንግድ ገበያ ነበረች ቢሉት ላያምን ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ትንሽ የሚያስከፋ አንድ ነገር፦ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ዳሎል አይደለም። አሳል ሐይቅ ነው፤ በታጁራ ክልል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ የዳናክል ዝቅተኛው ቦታ ግን 125 ሜትር ገደማ። በዓለም ላይ ከእርሱ በታች የሚገኙ የሐይቅ ዳርቻዎች የሙት ባሕርና የገሊላ ባሕር ብቻ ናቸው። በዳሎል መመካት ከፈለጉ ሙቀቱና ቀለሙ አለልዎት።

አሳል ከባሕር ውኃ 10 እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ወንዝ አይደለም የሚሞላው፤ ባሕሩ ራሱ ነው። ጉቤት ከተባለው የባሕረ ሰላጤው ጫፍ የጨው ውኃ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ሥር ሥር እየሰረገ ይመጣል፤ ፀሐይ ውኃውን ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። አፋሮች ለዘመናት እየቆረጡ በግመል የጫኑት ጨው ይህ ነው። በ2017 ጨውን በመርከብ ለመላክ ጉቤት ላይ ወደብ ተከፍቷል።

በጉቤትና በአሳል መካከል ያለው መሬት ገና እየተከፈተ ያለ መሬት ነው። አፍሪካና ዐረቢያ እዚህ ጋ ይለያያሉ። በኖቬምበር 1978 አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል እሳት ተፋ፤ መሬቱም ከ1 ሜትር በላይ ወደ ጎን ተሰነጠቀ። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች አዲስ ውቅያኖስ ሲወለድ በእግር ቆሞ ማየት የሚቻልበት ቦታ እያሉ ከዓለም ዙሪያ ይመጡበታል።

ከዚህ ምድጃ በላይ ደን አለ ቢባል ያምናሉ? የጎዳ ተራራ ራስ ላይ፣ ዳይ በሚባል ቦታ፣ ጽድ ይበቅላል። እንደ እንጦጦ ያለ ቀዝቃዛ አየር አለ። በዓለም ላይ በዚህና በአጠገቡ ባለው የማብላ ተራራ ብቻ የሚገኝ የቆቅ ዝርያ አለ፤ የጅቡቲ ቆቅ። በጣም ለመጥፋት ከተቃረቡ አዕዋፍ አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ጽዱ በድርቅና በከብት ግጦሽ እየደረቀ ነው። ታች ባንኩዋሌ በሚባለው ሸለቆ ደግሞ ከጅቡቲ ሌላ በሶማሊያና በየመን ብቻ የሚበቅል የዘንባባ ዓይነት አለ።

ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። ሰው አይነኩም፤ የሚበሉት በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። አጠገባቸው ለመዋኘት ከአውሮፓ ድረስ የሚመጣ ጎብኚ አለ። ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት በረራ ነው፤ ከእኛ ግን ብዙ ሰው ሲሄድ አላየሁም።

የኢጣሊያ ወረራ የመጀመሪያው ክስ የተሰማው ከታጁራ ክልል ጫፍ እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ሙሳ አሊ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጅቡቲ ትልቁ ተራራ ነው፤ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የጅቡቲ ድንበሮች የሚገናኙበት። በኦክቶበር 1935 መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢጣሊያ ወታደሮች በሙሳ አሊ በኩል ድንበር መጣሳቸውን ለመንግሥታቱ ማኅበር በቴሌግራም አሳወቁ። በማግስቱ ዋናው ጦር መረብን ተሻገረ።

ኦቦክ ውስጥ ቤት የነበረው ፈረንሳዊው ደራሲና ኮንትሮባንዲስት ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ጠመንጃም፣ ሐሺሽም፣ ሉልም ነግዷል። ኢትዮጵያም ውስጥ ኖሯል፤ በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ አባረሩት። በቀይ ባሕር ላይ ያሳለፈውን ሁሉ መጽሐፍ አድርጎ ሸጠው።

ጅቡቲ ነጻ የወጣችው በጁን 27 ቀን 1977 ነው። ነጻነቱ ለሰሜኑ አፋር ሁሉንም ነገር አላቃናም። በ1991 መጨረሻ «ፍሩድ» በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው የአፋር ግንባር በሥልጣን ክፍፍል ቅሬታ ጦር አነሣ፤ ታጁራና ኦቦክ የጦር ሜዳ ሆኑ። ከመንግሥት ጋር የመጀመሪያው ሰላም በ1994፣ የመጨረሻው በ2001 ተፈረመ። በዚያው በ2001 የታጁራ ተወላጁ ዲሌይታ መሐመድ ዲሌይታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 2013 ቆዩ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ የጅቡቲ አምባሳደር ነበሩ።

ጫቱ? ከኢትዮጵያ ነው። ትኩስ ካልሆነ አይቃምምና በዚያው ዕለት ጅቡቲ ገብቶ፣ በዚያው ዕለት ባሕሩን ተሻግሮ ታጁራ ይደርሳል። ሌላ ዕቃ የሚዘገይበት መንገድ ለጫት ሲሆን ይቀናል።

ስለ ታጁራ ዛሬ የምንጽፈው ከባዱ ነገር በአስፋልቱ ዳር የሚታየው ነው። ውኃ የያዘ ላስቲክ አንጠልጥለው፣ በቡድን በቡድን፣ በአሳል በኩል በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ ወጣቶች። የኛ ልጆች ናቸው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ። ደላላው በየመን በኩል ሳዑዲ አደርሳችኋለሁ ብሏቸዋል። በክረምቱ ሙቀት በመንገድ የሚቀሩ አሉ። የአካባቢው አርብቶ አደር ውኃ ያካፍላል፤ የሞተውንም ይቀብራል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ኦቦክ ላይ ለመመለስ ለሚፈልጉ መቀበያ ማዕከል አለው። በጃንዋሪ 2019 ኦቦክ አቅራቢያ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በኤፕሪል 2024 እዚያው አካባቢ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባ ሰጠመ። ይህን የምታነቡ ቤተሰቦች፣ ልጃችሁ «ጅቡቲ ሥራ አግኝቻለሁ» ካለ ኦቦክ የሚለውን ስም ጠይቁት።

ወደቡስ? አዲሱ የታጁራ ወደብ የተመረቀው በጁን 2017 ነው። የታሰበው በዋነኛነት ከዳናክል ለሚወጣው የኢትዮጵያ ፖታሽ ነበር። ከታጁራ እስከ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ባልሆ ድረስ፣ አስፋልት ተሠራ። ከሐራ ገበያ በሠመራ በኩል ታጁራ የሚደርስ የባቡር ሐዲድም ታቅዶ ነበር፤ አልተሠራም። ፖታሹም ስለዘገየ ወደቡ የተሠራለትን ጭነት ሳያይ ዓመታት አለፉ። በኦገስት 2024 የጅቡቲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር በፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ የተነሣው ውጥረት እንዲረግብ ብለው፣ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያ ለመስጠት ሐሳብ አቀረቡ። ከድንበራችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኔ አስተያየት ሐሳቡ በአዲስ አበባ ከተሰጠው ትኩረት የበለጠ ይገባው ነበር፤ የሰሜን ኢትዮጵያ ጭነት በአዋሽ በኩል ከሚዞር ይልቅ በዚህ ቢወርድ ይቀርበዋል።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። አንኮበር፣ አልዩ አምባ፣ አውሳና ሐረር ውስጥ አያቶቻቸው ታጁራ ድረስ በግመል የነገዱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። የሃሪስን መጽሐፍና የራምቦን ደብዳቤዎች ማንም ያነባቸዋል፤ የግመል ነጂዎቹን ወገን ግን የጻፈው የለም። ከሽማግሌዎቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ለሚቀጥለው ዓምድ እናወጣዋለን።